ከዘይት ጣሳ የሚሠራ ኤንትሬ፦ ትልቁን መኪና በ20 ማካፈል

በካምፓችን ውስጥ ልጆች ከዘይት ጣሳና ከነጠላ ጫማ ሠርተው በረጅም ሽቦ የሚነዱትን መኪና የማያውቅ የለም። ትልቅ ሰው ሲያየው "ጨዋታ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ያው መኪና በልክ ከተሠራ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የብረታ ብረት ሥራ ትምህርት ይሆናል። ትምህርት አቋርጦ "ሒሳብ ለእኔ አይሆንም" ያለ ወጣት እንኳ ያን የሸሸውን ሒሳብ በእጁ ይዞት ያገኘዋል። በዚህ እትም አንድ የድሮ የጭነት መኪና በሞዴል እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

የመረጥነው መኪና ኤንትሬ ነው። ኤንትሬ የሚባለው ፊያት 682 ኤን 3 ሲሆን፣ "ትሬ" በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። ፊያት 682 እ.ኤ.አ. በ1952 ጣሊያን አገር መመረት የጀመረ ሲሆን፣ በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች መንገዶች ላይ ለብዙ ዓመታት ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል። ለወጣቶቻችን ታሪክ ነው። ለአባቶች ግን የነዱት፣ የጫኑበት ወይም የተሳፈሩበት መኪና ነው። ሞተሩ ጋቢናው ውስጥ በሾፌሩና በተሳፋሪው መካከል ስለሚቀመጥ ከፊት የወጣ አፍንጫ የለውም። ስለዚህ ለጀማሪ አይከብድም።

1. መጀመሪያ ቁጥሩን ምረጡ

በጨዋታ መኪናና በሞዴል መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቁጥር ነው። የጨዋታው መኪና በዓይን ግምት ይሠራል፤ ጎማው ይገዝፋል፣ ጋቢናው ያንሳል። ሞዴል ግን እያንዳንዱ ነገር በአንድ ቁጥር ይካፈላል። እኛ 20ን መርጠናል። ይህ 1፡20 ተብሎ ይጻፋል፤ በሞዴሉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የሆነው በእውነተኛው መኪና ላይ 20 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። በትምህርት ቤት "ንጥጥር" እየተባለ የሚያስጨንቀን ነገር ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንዴ ቁጥሩን ከመረጣችሁ አትቀይሩት። ጎማውን በ20፣ ጋቢናውን በ18 ካካፈላችሁ የትኛውም ሾፌር አይቶ "ይሄ ኤንትሬ አይደለም" ይላችኋል፤ ምክንያቱን ባያውቅም።

2. መኪናው በአጠገባችን ከሌለስ?

ሜትር ይዞ የሚለካው መኪና ለሌለው ሰው አንድ ፎቶግራፍ ይበቃል። ፎቶው ግን በትክክል ከጎን የተነሳ መሆን አለበት። ከማዕዘን የተነሳ ፎቶ የመኪናውን ርዝመት ያሳጥራል፣ የቅርቡንም ጎማ ያተልቃል።

በፎቶው ውስጥ ልኩን የምናውቀው አንድ ነገር እንፈልግ። እሱም ጎማው ነው። በከባድ መኪና ላይ በብዛት የሚታየው 12.00-20 የሚል ጎማ ከመሬት እስከ አናቱ 1,120 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 11.00-20 ከሆነ ደግሞ ወደ 1,080 ይጠጋል። የመጀመሪያውን እንውሰድ፦

1,120 ÷ 20 = 56 ሚሊ ሜትር። የሞዴላችን ጎማ ይህ ነው።

አሁን በፎቶው ላይ ያለውን ጎማ በማስመሪያ ለኩት። ለምሳሌ 14 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 56 ÷ 14 = 4። በቃ! በፎቶው ላይ የለካችሁትን ሁሉ በ4 እያባዛችሁ የሞዴሉን ልክ ታገኛላችሁ። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል በፎቶው ላይ 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በሞዴሉ ላይ 180 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንዲህ እያላችሁ የጋቢናውን ቁመት፣ የመስኮቱን ስፋት፣ የካሶኒውን ርዝመት ለኩና መጀመሪያ በካርቶን ላይ ሥዕሉን ሥሩ። ጣሳ ከመቁረጥ በፊት ካርቶን መቁረጥ ይቀድማል፤ ካርቶን ቢበላሽ ሌላ ካርቶን አይጠፋም።

ስፋትን ከጎን ፎቶ ማግኘት አይቻልም። ለዚህ የፊት ፎቶ ፈልጉ፤ ከሌለ ደግሞ የነዱትን አባቶች ጠይቁ። "በጋቢናው ውስጥ ስንት ሰው ትከሻ ለትከሻ ይቀመጥ ነበር?" የሚለው ጥያቄ ጥሩ ልኬት ይሰጣል።

3. የማይገዛውን መሥራት

ጎማ፦ ከፊት 2፣ ከኋላ ጥንድ ጥንድ ሆነው 4፣ ከመጠባበቂያው ጋር 7 ያስፈልጋሉ። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ላይ በኮምፓስ 58 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ሥላችሁ ቁረጡ። መሃሉን ብሱና በሽቦ ላይ ሰክታችሁ በብርጭቆ ወረቀት ላይ እያሽከረከራችሁ እስከ 56 አውርዱት። በመቀስ ብቻ የተቆረጠ ጎማ መቼም ክብ አይሆንም። የጎማው ውፍረት 15 ሚሊ ሜትር ነው። ቸርኬው 20 ኢንች፣ ማለትም 508 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በሞዴሉ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ከዚህ ጥቂት ይሰፋል፤ ጥርሶቹን ወደ ውስጥ ስታጥፉት ይቀርባል።

ሻንሲ፦ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ናቸው፤ መኪናውን በሙሉ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ቁመታቸው 12፣ ከላይና ከታች ያለው ከንፈራቸው 4 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣ 12 + 4 + 4 = 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የጣሳ ቁራጭ ትቆርጣላችሁ። መስመሩን በሚስማር ጫር አድርጉና ቀጥ ባለ የእንጨት ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ እጠፉት። ሁለቱንም በአንድ እንጨት ላይ እጠፉ፤ ለየብቻ የታጠፉ ከሆነ አንዱ ይጣመምና መኪናው በሦስት ጎማ ይቆማል።

ጋቢና፦ ከአንድ ቁራጭ ሠርቶ ማጠፍ ይሻላል። የካርቶኑን ቅርጽ በጣሳው ላይ አስቀምጣችሁ ሳሉ፤ ለመገጣጠሚያ 5 ሚሊ ሜትር ምላስ ተዉ። ምላሱን በተሰነጠቀ ቀዳዳ አሳልፎ ወደ ውስጥ ማጠፍ ያለ ብየዳ አጥብቆ ይይዛል። መስኮቶቹን ግን ከመታጠፉ በፊት ቁረጡ፤ ከታጠፈ በኋላ መቀስ አይገባም።

4. ለ20 የማይታዘዙ ነገሮች

እዚህ ላይ ትምህርቱ ይጠልቃል። ሁሉም ነገር በ20 ይካፈላል ብለናል። ግን እውነት ሁሉም?

ውፍረትን እንይ። የጋቢናው ላሜራ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለ20 ሲካፈል 0.05 ይሆናል። ይህ ከደብተር ወረቀት ይሳሳል! ስለዚህ ጣሳው ከልኩ በላይ ወፍራም መሆኑ አይቀርም። ሞዴል ሠሪ የሚታየውን ልክ ይጠብቃል፣ የማይታየውን ውፍረት ይተዋል።

ክብደትስ? ርዝመቱ በ20፣ ስፋቱም በ20፣ ቁመቱም በ20 ስለሚካፈል ክብደቱ በ20 × 20 × 20፣ ማለትም በ8,000 ይካፈላል። 8,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሞዴሉ 1 ኪሎ ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ የሚመጣው ችግር ባሌስትራው ላይ ይታያል። ባሌስትራውን ከብረት በትክክል በ20 አሳንሳችሁ ብትሠሩት ሞዴሉ ንቅንቅ አይልም፤ ድንጋይ ይሆናል። ለምን? የባሌስትራው ጥንካሬ የሚቀንሰው በ20 ብቻ ሲሆን ሸክሙ ግን በ8,000 ቀንሷል። ስለዚህ ሸክሙ ከባሌስትራው አንጻር 400 ጊዜ ቀሎታል። እውነተኛው መኪና ሲጫን 100 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይል ከነበረ፣ ሞዴሉ ዝቅ የሚለው 100 ÷ 400 = 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ዓይን አያየውም። በልኩ ቢሆን ግን 5 ሚሊ ሜትር መውረድ ነበረበት።

መፍትሔው ቀላል ነው። የላይኛውን አንድ ቅጠል ብቻ ከስስ ብረት ሥሩት፤ የዕቃ ማሰሪያ ብረት ጥሩ ነው። የቀሩትን ከአሮጌ ጀሪካን ፕላስቲክ ቆርጣችሁ ቀለም ቀቡት። ሲያዩት ብረት ይመስላል፤ ሲጫን ግን ይተጣጠፋል።

አንድ ነገር ማሳነስ ማለት ትንሹን መኮረጅ ብቻ አይደለም። ዝሆን እግሩ ወፍራም፣ ጉንዳን እግሯ እንደ ክር የቀጠነ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ አካል ሲያድግ ክብደት ከጥንካሬ ቀድሞ ይሮጣል።

5. ጥንቃቄ

የተቆረጠ ጣሳ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ጠርዙን ሁልጊዜ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ ወይም ወደ ውስጥ እጠፉት። የቆረጠው ሰው ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድና ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠይቅ። ሞዴሉ እንዲከብድ ብላችሁ የባትሪ እርሳስ አታቅልጡ። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ክብደት ከፈለጋችሁ ካሶኒው ላይ አሸዋ ጫኑ። ነጠላ ጫማና ፕላስቲክም በእሳት አታጣብቁ፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

6. ለአስተማሪዎችና ለወላጆች

አንድ ሞዴል ለአራት ወይም ለአምስት ልጆች ይበቃል፦ አንዷ ትለካለች፣ አንዱ ያሰላል፣ ሌላው ይቆርጣል፣ ሌላዋ ታጣራለች። ቦታ እየተቀያየሩ ይሥሩ። ሁልጊዜ የሚቆርጠው ብቻ ከሆነ ልጁ ጣሳ መቁረጥ እንጂ ሒሳብ አይማርም። ልኬቱንም በደብተር ይጻፉት፤ ያ ደብተር ሌላ ቡድን ሌላ መኪና ሲሠራ መነሻ ይሆነዋል። ሾፌር የነበሩ አባቶችን ጋብዙ። "መሪው እንዲህ አልነበረም" ብለው የሚያርሙት ነገር በመጽሐፍ አይገኝም፤ እነሱም የሚያውቁትን የሚያካፍሉበት ወንበር ያገኛሉ።

ጥያቄ ለአንባቢዎች

የእውነተኛው መኪና ካሶኒ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 2.4 ሜትር፣ የስፖንዳው ቁመት 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የ1፡20 ሞዴሉን ካሶኒ ልክ በሚሊ ሜትር ጻፉ። በአሸዋ እስከ አፉ ብትሞሉት ስንት ሊትር ይይዛል? በሞዴሉ ስንት ጊዜ ብታመላልሱ ትልቁን ካሶኒ ትሞሉታላችሁ? መጀመሪያ በግምት መልሱ፣ ቀጥሎ አስሉ። በግምታችሁና በስሌታችሁ መካከል ያለውን ርቀት ስታዩ መለካት ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም ሳይነግራችሁ ትረዱታላችሁ።

መልካም ሥራ!