የዋግምትን ቀንድ ስለ መሰብሰብ

የጥንት የሕክምና መሣሪያ ለመሰብሰብ ወደ ላስታ የሚሄድ ተማሪ አስቀድሞ ዋግምትን ከዋንጫ መለየት ይገባዋል። ሁለቱም የከብት ቀንድ ናቸው፤ ዋግምት ግን ቀጭን ጫፉ የተበሳ ነው። ባለሙያው ሰፊውን አፍ በታማሚው ገላ ላይ ደፍቶ፣ በቀዳዳው አየሩን በአፉ ይመጥና ቀዳዳውን በሰም ይደፍነዋል። ቆዳው ሲያብጥ ቀንዱን አንሥቶ በምላጭ ይበጣል፤ እንደገናም ሲተክለው ደሙ ወደ ቀንዱ ይሳባል።

ስለዚህ በቀዳዳው ዙሪያ የቀረው ሰም ዋና ምስክር ነው። እንዲያምር ብለን አጥበን ካስለቀቅነው በእጃችን የሚቀረው የተበሳ ቀንድ ብቻ ነው። በላሊበላ ለጎብኚ ተብሎ የተወለወለ ቀንድ ቢገኝም ነገሩ ያው ነው። ለየትኛው ሕመም፣ ከገላ በየትኛው ስፍራ እንደሚተከል ባለቤቱን ጠይቀን በዚያው ቀን እንጻፍ። ምላጩም ከቀንዱ ሳይለይ ይያዝ፤ የደረቀ ደም ሊኖርበት ስለሚችል ግን በባዶ እጅ አይነካ። እየሠራበት ካለ ሰው ላይ መሣሪያውን መግዛት አንደግፍም፤ ልኬቱና ፎቶግራፉ ይበቃል።

የወጌሻ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ስብራት የሚታሰርበት እንጨትና ጨርቅ አጥንቱ ሲጋጠም ይጣላል፤ ሙያው ያለው በጣቶቹ ላይ ነው። ከእርሱ ዘንድ የምንሰበስበው እንግዲህ አስተሳሰሩን በሥዕል፣ አዳሰሱንም በቃሉ እንደ ነገረን ጽፈን ነው።