የወጣት መምህራን ምሽት

ከመገናኛ ተነሥቶ በሲ.ኤም.ሲ. በኩል ወደ አያት በሚወስደው ጎዳና ማምሻውን የሚያልፍ መንገደኛ በየኮሌጁ ደጃፍ የማታ ተማሪዎች ሲጎርፉ ያያል፤ አብረዋቸው ከሚገቡት መምህራን ብዙዎቹ ግን ቀኑን በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ውለው የመጡ መሆናቸውን ልብ አይልም። በ1987 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ መሥመር፣ ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲም በገርጂ ይገኛሉ።

ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ በሌክቸረርነት የተቀጠረን ወጣት ማስተማር፣ መመራመርና ማኅበረሰቡን ማገልገል ሦስቱም በአንድነት ይጠብቁታል፤ ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ለመውጣት ግን ሦስተኛ ዲግሪ ወይም በታወቀ ጆርናል የታተመ ጥናት ያስፈልገዋል፤ ይህም ጸጥ ያለ ሌሊትና ያልደከመ ሕሊና የሚሻ ነው። ነገር ግን ደመወዙ በሰሚት ወይም በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ለተከራየው ክፍል ከተከፈለ በኋላ የተረፈው ለወር አስቤዛ ስለማይበቃው፣ ያንኑ ሌሊት ለ«ፓርት ታይም» ይሸጠዋል። ማዕረግ ሊያስገኝለት ይችል የነበረው ጊዜ ለኪራይ ይውላል፤ ማዕረግ ስላላገኘም ደመወዙ አያድግም፤ ደመወዙ ስላላደገም የማታውን ሥራ መተው አይሆንለትም። የድካሙ ሥር ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ በስንፍና የሚከሱት ሰዎች በማለዳ ታክሲ ውስጥ የፈተና ወረቀት በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ቀይ እስክሪብቶውን እያነሣ የሚያርመውን መምህር አላዩትም።

ጥናቱን ጽፎ ለጨረሰውም ቢሆን ሌላ ደጅ አለበት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለወጣ፣ የኅትመት ክፍያ በዶላር የሚጠይቁ ጆርናሎች ከዐቅሙ በላይ ሆነውበታል።

ከጉባኤ ቤቱ የኔታ ጀምሮ መምህር በአገራችን ክቡር ነው፤ ይኸው ክብር ግን መከራውን እንዳይናገር አፉን ይይዘዋል፤ እንቅልፍ ማጣቱንና የልቡን ጭንቀት ከባልንጀራው እንኳ ይሸሽጋል። ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጥያቄ የሥራ ማቆም አድማ ሲጀምሩ ያ ዝምታ በአደባባይ ተሰበረ።

በዚያው ዓመት የወጣው የራስ ገዝነት አዋጅ ዩኒቨርሲቲዎች ሀብታቸውንና ሠራተኛቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፍቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆኗል። ይህን ሥልጣን የተረከቡ ኃላፊዎች ለአዲስ መምህር የሚሰጠውን የክፍለ ጊዜ ብዛት ቢቀንሱለት፣ የኅትመቱን ክፍያ ቢሸፍኑለት፣ ጥናቱን የሚያይለት አንጋፋ ፕሮፌሰር ቢመድቡለት፣ ቢያንስ የሳምንቱን ሁለት ምሽት ከኪራይ ነጻ ሊያወጣ ይችላል።