ቅጠሉ ምን ይላል? በቤት ውስጥ የሚያድጉ የበርበሬ ችግኞች የቅጠል ችግር፣ ምርመራውና መፍትሔው

(በጎጃም በረንዳ አካባቢ ለነዋሪዎችና ለተማሪዎች በቃል ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ስለ በርበሬ ለመናገር ከጎጃም በረንዳ የተሻለ ቦታ አላገኝም። መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ጊዮርጊስ ሥር ተነሥቶ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ፣ ይህ ሰፈር በስሙ ጎጃምን እያስታወሰ ኖሯል። ጎጃም ደግሞ ከቡሬ፣ ከወንበርማና ከጃቢ ጠህናን ማሳዎች ከሚወጣው በርበሬ ተነጥሎ አይታሰብም። ዛሬ ግን የምናገረው በጆንያ ስለሚመጣው በርበሬ ሳይሆን፣ በየቤታችሁ መስኮት ሥር፣ በወተት ጣሳና በተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ውስጥ ስለምታበቅሉት ችግኝ ነው።

ርእሱን የመረጥሁበትን ምክንያት በአንድ ገጠመኝ ልጀምር። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እናት ሦስት ጣሳ ችግኝ በዘንቢል ይዘው መጡ። ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነዋል፤ ጫፋቸው ተቃጥሏል፤ ቀና ብለው መቆም አቅቷቸዋል። «ልጄ፣ አንዷ ጎረቤቴ ‹ርቦት ነው› ብላኝ ዩሪያ ጨመርሁበት። ባሰበት። ሌላዋ ደግሞ ‹በሽታ ነው› ብላ ይህንን ሰጠችኝ፤ ልርጨው ወይ?» አሉና ከዘንቢሉ አንድ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡ። በውስጡ ወተት የመሰለ ፈሳሽ አለ፤ የሚለጠፍ ስምም ሆነ የአጠቃቀም መመሪያ የለውም፤ ሽታው ግን የፀረ ተባይ መሆኑን ይናገራል። ችግኞቹ የሚያድሩት የልጅ ልጃቸው በሚተኛበት ክፍል ነበር።

ጣሳውን ገልብጬ ተመለከትሁ። ከሥሩ አንድም ቀዳዳ የለውም።

የእኚህን እናት ጉዳይ በመጨረሻ እመለስበታለሁ። አሁን ግን ጥያቄውን ሰፋ አድርገን እንመልከት፤ ቅጠል ሲታመም ምክንያቱን የምናውቀው እንዴት ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የትኛው ቅጠል?

ቅጠል የሚያውቃቸው ምልክቶች ጥቂት ናቸው። ቢጫ ይሆናል፣ ይጠቀለላል፣ ይቃጠላል፣ ይጠወልጋል፣ ይረግፋል። ምክንያቶቹ ግን ብዙ ናቸው። ስለዚህ «ቢጫ ሆነ» ማለት ለባለሙያ «አሞኛል» እንደ ማለት ነው። ቀጣዩ ጥያቄ «የትኛው ቅጠል?» የሚለው መሆን አለበት።

ተክል ናይትሮጅንን፣ ፎስፈረስን፣ ፖታሲየምንና ማግኒዥየምን ከአንዱ የአካሉ ክፍል ወደ ሌላው ማዛወር ይችላል። እጥረት በገጠመው ጊዜ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ወላጅ ከራሱ ቀንሶ ልጁን እንደሚያጎርስ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የእነዚህ ንጥረ ነገሮች እጥረት በመጀመሪያ የሚታየው በታችኞቹ፣ በአሮጌዎቹ ቅጠሎች ላይ ነው። የታችኛው ቅጠል በሙሉ እኩል ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅንን እንጠረጥራለን። ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ቢጫ ከሆነ ማግኒዥየምን፣ ጠርዙ ከተቃጠለ ፖታሲየምን፣ ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ካደላ ደግሞ ፎስፈረስን እንጠረጥራለን።

ብረትና ካልሲየም ግን አንድ ጊዜ በቅጠሉ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ በቀላሉ አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ እጥረታቸው የሚገለጠው ከላይ፣ በለጋው ቅጠል ላይ ነው። ለጋው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ፣ መካከሉ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ከሆነ ብረት ጎድሎታል። ይህ ሲሆን አፈሩ ውስጥ ብረት የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ አመድ የበዛበት ጣሳ ነው። አመድ የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል፤ መጠኑ ሲበዛ ብረቱ አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው በማይችለው መልክ ይታሰራል። ለዚህ መድኃኒቱ አመዱን ማቆምና አፈሩን በአዲስ ድብልቅ መተካት እንጂ ሌላ ማዳበሪያ መጨመር አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሥሩ ይተነፍሳል?

እስካሁን ስለ ምግብ ተናገርሁ፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ ችግኝ ላይ ረኀብ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሊሆን አይገባም። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ውሃ ነው፤ ያውም የውሃ መብዛት።

ሥር ሕይወት ያለው አካል ስለሆነ ኦክስጅን ይፈልጋል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈናል። የታፈነ ሥር ውሃም ምግብም መሳብ ያቅተዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ውሃ የበዛበት ችግኝ ልክ እንደ ተጠማ ችግኝ ይጠወልጋል፣ ልክ እንደ ተራበ ችግኝም ቢጫ ይሆናል። ባለቤቱ ጠውልጎ ሲያየው ውሃ ይጨምርለታል፤ ቢጫ ሆኖ ሲያየው ማዳበሪያ ያክልበታል። ሁለቱም ሞቱን ያፋጥናሉ።

መለያው ቀላል ነው። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ወደ አፈሩ አስገቡ። ደርቆ ካገኛችሁት ውሃ ያስፈልገዋል፤ ርጥብ ከሆነ ግን የጠወለገው በጥም አይደለም። ከዚያ ችግኙን በጥንቃቄ ከጣሳው አውጥታችሁ ሥሩን ተመልከቱ። ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው። ቡናማ፣ ሲነኩት የሚላላጥና መጥፎ ሽታ ያለው ሥር የበሰበሰ ነው።

ገና በበቀሉ ችግኞች ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ችግኙ በአንድ ሌሊት ይወድቃል። ይህን የሚያመጡት ፒቲየምንና ራይዞክቶንያን የመሰሉ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ናቸው፤ የሚመቻቸውም ርጥብ፣ የተጨናነቀና አየር የማይዘዋወርበት ቦታ ነው። የወደቀው አይነሣም። የቀሩትን ለማትረፍ ግን ውሃ ቀንሱ፣ አራርቁ፣ መስኮት ክፈቱ።

የአፈሩም ዓይነት ወሳኝ ነው። መረሬ አፈር ብቻውን በጣሳ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። በችግኝ ጣቢያዎች የሚዘወተረው ድብልቅ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የተብላላ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ነው። ያልተብላላ ፍግ ለለጋ ሥር እሳት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ብርሃንና ሙቀት አግኝቷል?

በርበሬ በአገራችን በደንብ የሚመረተው ከ1,400 እስከ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ነው። እኛ ያለንበት መርካቶ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። የበርበሬ ዘር ለመብቀል የሚስማማው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ከ15 ዲግሪ በታች እድገቱ በእጅጉ ይዘገያል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ፎስፈረስ መሳብ ያዳግተዋል። በታኅሣሥ ወይን ጠጅ የሆነ ቅጠል ስታዩ ማዳበሪያ ከመፈለጋችሁ በፊት ጣሳውን ከቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አንሥታችሁ እንጨት ላይ አስቀምጡት።

ብርሃን ያነሰው ችግኝ ደግሞ ቁመቱ ይረዝማል፣ ግንዱ ይቀጥናል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ወደ መስኮቱም ያዘነብላል። መስኮቱ ራሱ የትኛው እንደሆነ ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን በስተሰሜን ታልፋለች፤ በቀሪዎቹ ወራት በስተደቡብ ታልፋለች። ስለዚህ በበጋ የተመቸው የደቡብ መስኮት በክረምት ላይመች ይችላል። ችግኙን ከወቅቱ ጋር አዛውሩት።

በቤት ያደገን ችግኝ በአንድ ቀን ወደ ደጅ ማውጣትም ስሕተት ነው። በዚህ ከፍታ ፀሐይ ብርቱ ናት፤ ያልለመደ ቅጠል በነጭ ወረቀት መሰል ጠባሳ ይቃጠላል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት፣ በሁለተኛው ሁለት ሰዓት እያላችሁ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን አለማምዱት።

አራተኛው ጥያቄ፦ ከቅጠሉ ጀርባ ማን አለ?

ቅጠሉን ገልብጡት። ለጋው ጫፍ ተጠቅልሎ የሚያጣብቅ ነገር ካለበት፣ በጀርባው ተሰብስበው የተቀመጡ ትናንሽ ለስላሳ ነፍሳት ታገኛላችሁ፤ ክሽክሽ ናቸው። ሲነካ ብር ብሎ የሚነሣው ነጭ ዝንብ ነው። ቅጠሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ ነጥቶ ቀጭን ድር ካለበት ደግሞ ቀይ ሸረሪት ነው፤ ይህ በደረቅና በሞቃት ወራት ይበረታል።

ለጥቂት ጣሳ ችግኝ መርዝ አያስፈልግም። በመጀመሪያ ቅጠሉን በጀርባው በኩል በውሃ እጠቡ። ካልበቃ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ፤ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና በማግሥቱ ካልተቃጠለ፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ ሌሎቹን ርጩ። በየአራት ወይም አምስት ቀን ደግሙት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ቅጠል ያቃጥላል።

ቅጠሉ አረንጓዴና ቢጫ ተቀላቅሎ ከተዥጎረጎረ፣ ከተጨማደደና ችግኙ ከቀጨጨ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ቫይረስ ለያዘው ተክል የሚረጭ መድኃኒት የለም። ነቅሎ ማስወገድ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አስተላላፊ የሆኑትን ክሽክሾች መቆጣጠር ብቻ ነው ያለው። ሲጋራ ወይም ሱረት የሚጠቀም ሰው ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠብ፤ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በርበሬንም ይይዛልና።

ስለ መጠን

አሁን ወደ ዩሪያው ልመለስ። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ግራም ቢደረግ ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ይደርሳል። አፉ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣሳ በዚህ ስሌት የሚደርሰው ከግራም አንድ ሦስተኛ ያነሰ ነው። የተቆለለ የሻይ ማንኪያ ግን 5 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ከድርሻው 16 እጥፍ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ጨው ሥሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ውጭ ይስባል፤ የቅጠሉም ጫፍ ይቃጠላል። ለጣሳ ችግኝ የተብላላ ኮምፖስት በቂ ነው። ማዳበሪያ የበዛበት ጣሳ ቀዳዳ ካለው፣ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ በማፍሰስና በማንጠፍጠፍ ሊታጠብ ይችላል።

ስለ መርዙ

በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል። ፀረ ተባይ በተመዘገበበት ስም፣ በገላጭ ጽሑፍና በመመሪያ መያዝ ያለበት ያለ ምክንያት አይደለም። ስሙ ያልታወቀ መርዝ መጠኑ አይታወቅም፤ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ ፍሬው እንደሚበላ አይታወቅም፤ ሰው ቢመረዝ ሐኪሙ ምን እንደሚያክም ለማወቅ ይቸገራል። በውሃ ጠርሙስ የተቀመጠ መርዝ ደግሞ ለተጠማ ልጅ ውሃ ነው። እንዲህ ያለ አደጋ ከደረሰ ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ በግድ አታስታውኩት፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ማጠቃለያ

የምርመራውን ቅደም ተከተል ላስታውሳችሁ። ከታች ወደ ላይ ሂዱ፦ መጀመሪያ ቀዳዳውን፣ ከዚያ ሥሩን፣ ከዚያ ብርሃኑንና ሙቀቱን፣ ከዚያ የቅጠሉን ጀርባ፣ በመጨረሻ ምግቡን መርምሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሦስት ነገር በአንድ ቀን ከለወጣችሁ የረዳውም የጎዳውም አይለይም። የተቃጠለ ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ ስለዚህ መዳኑን የምታውቁት ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ በሚወጣው አዲስ ቅጠል ነው።

እኚያ እናት ዘንድ የተገኘው መድኃኒት አንድ ሚስማር ነበር። ጣሳዎቹን ከሥር በሳናቸው፤ አፈሩን ለወጥን፤ የበሰበሰውን ሥር ቆረጥን። ጠርሙሱን እንዳይረጩትና ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ቆልፈው እንዲያስቀምጡት፣ ቦይ ውስጥም እንዳይደፉት፣ ለግብርና ባለሙያ እንዲያስረክቡት ተነጋገርን። ከሦስቱ ችግኞች ሁለቱ ሞቱ። አንዱ ተረፈ። «አንድ መትረፉ ደግ ነው፤ ግን እኔን ያስደነገጠኝ የልጁ ነገር ነው» አሉኝ።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ችግኝ በሽታውን አይደብቅም፤ በቅጠሉ ላይ ጽፎ ያሳየናል። የእኛ ድርሻ ከመድኃኒቱ በፊት ጽሑፉን ማንበብ ነው።