አመዳሙ ቅልጥሜና ቆዳችን ውስጥ ያሉት መቀሶች

ታኅሣሥ ላይ ጓደኛዬ አገባች፤ እኔ ደግሞ ሚዜ ነበርኩ። የሚዜ ቀሚሳችን ከጉልበት ላይ ይቀራል። የአዲስ አበባን የታኅሣሥ ደረቅ ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ቅልጥሜ አመድ የተነሰነሰበት መስሏል። እማዬ አየችኝና «ኧረ አንቺ ልጅ፣ በዚህ አመዳም እግርሽ ነው ሚዜ የምትሆኚው?» አለችኝ።

ቲክቶክ ከፈትኩ። ስኳር በሎሚ ለውሶ ማሸት «ቆዳ ያድሳል» ተብሏል። እኔ ግን ስኳሩ አልበቃኝም። በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቤ፣ በስኳርና ሎሚ አሽቼ፣ እማዬ ተረከዟን የምትፈገፍግበትን ድንጋይ አንስቼ ቅልጥሜን ፈገፈግኩት። ሦስት ቀን ተከታትዬ። በሦስተኛው ቀን እግሬ ቀልቶ ያቃጥለኝ ጀመር፤ እዚህም እዚያም ደማ። ሠርጉ ላይ ወፍራም ስቶኪንግ አድርጌ ስጨፍር አመሸሁ፤ ላብ ሲነካው የነበረው ስሜት አይወራም። ይሄ ሁሉ ሆኖ ከሳምንት በኋላ ነጩ ቅርፊት ብሶበት ተመለሰ።

የቆዳ ሐኪሟ አይታኝ ሳቀችና «ቆዳ እኮ ራሱን ይቆርጣል፤ አንቺ ምን አስቸኮለሽ?» አለችኝ። ራሱን ይቆርጣል ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

በእጃችን የምንነካው የላይኛው ቆዳ የሞተ ነው። ኬራቲን በሚባል ፕሮቲን የታጨቁ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ከ15 እስከ 20 ድርብ ሆነው ተነባብረዋል። ከሥር ይወለዳሉ፣ ወደ ላይ ይገፋሉ፣ በወር ገደማ ጫፍ ደርሰው ይረግፋሉ። በየቀኑ እየረገፍን ነው፤ የማናየው አንድ በአንድ ስለሆነ ነው። (ስንታሽ እየተጠቀለለ የሚወጣውና «እድፍ» የምንለው ነገርም አብዛኛው የራሳችን የሞተ ሕዋስ ነው። የሚጠቁረው የቆዳችን ቀለም አብሮት ስላለ ጭምር ነው። በልጅነታችን ስንት ቁጣ በከንቱ ሰማን!)

ሕዋሳቱ ግን ዝም ብለው የተደራረቡ አይደሉም፤ በፕሮቲን በተሠሩ አዝራሮች እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። ታዲያ ማን ይፈታቸዋል? ሻወሩ? ፎጣው?

በ1988 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ስዊድን ኡሜኦ ከተማ፣ ቶርብየርን ኤግልሩድና ባልደረባው ከሰው ተረከዝ የተቆረጠ ደረቅ ቆዳ ወስደው ፈሳሽ ውስጥ አስቀመጡት። ማንም ሳይፈገፍገው ሕዋሳቱ ራሳቸው ይረግፉ ጀመር፤ ያውም ወደ ውጭ ይዞር በነበረው ገጽ በኩል ብቻ። ፈሳሹ ላይ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን የሚያግድ ነገር ሲጨምሩበት መርገፉ ቆመ። መቀሶቹ እዚያው ቆዳው ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

እነዚህ መቀሶች ፕሮቲኤዝ ይባላሉ። ዋና ዋናዎቹ ካሊክሬን 5 እና ካሊክሬን 7 ናቸው። አንጀታችን ውስጥ የበላነውን ሥጋና ሽሮ ከሚበታትኑት ከትሪፕሲንና ከካይሞትሪፕሲን ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ምግብ የሚፈጭ ዓይነት ኢንዛይም ቆዳችን ላይ ተቀምጦ አዝራር ሲፈታ ይውላል።

አሁን ወደ ቅልጥሜ እንመለስ። መቀሶቹ ለመሥራት ውሃ ይፈልጋሉ። የላይኛው ድርብ ሲደርቅ ሥራ ያቆማሉ፤ አዝራሮቹ ሳይፈቱ ይቀራሉ፤ ሕዋሳቱ አንድ በአንድ በመርገፍ ፈንታ በጅምላ ተያይዘው ይንጠለጠላሉ። አመድ የምንለው እሱን ነው። ያ ነጭ ነገር ቆሻሻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ውሃ አጥቶ ሥራ የፈታ መቀስ ነው! እኔ ደግሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ውሃ የሚይዝለትን ነገር ጭራሽ አጠብኩለት።

ሌላም አለ። የቆዳችን ገጽ አሲድ ቢጤ ነው፤ ፒኤቹ 5 አካባቢ ነው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳል። አሲዱ ሲቀንስ መቀሶቹ ይበልጥ ይሳላሉ፤ ገና መያዝ ያለባቸውን አዝራሮች ሳይቀር መቁረጥ ይጀምራሉ። ላዩ ደርቆ ይንጠለጠላል፣ ሥሩ ይሳሳል። በድንጋይ ሲፈገፈግ ታዲያ ለምን አይደማ?

መቀሶቹን የሚይዝ ጠባቂም አለ፤ ሌክቲ የሚባል ፕሮቲን ነው። ከሥር፣ አሲዱ አነስተኛ በሆነበት፣ አጥብቆ ይይዛቸዋል፤ ወደ ላይ አሲዱ ሲጨምር ይለቃቸዋል። ይህን ጠባቂ ሳይዙ የሚወለዱ ልጆች አሉ። ሕመሙ ኔዘርተን ሲንድሮም ይባላል፤ ምክንያት የሆነው ስፒንክ 5 የተባለ ዘረመል በ2000 ታወቀ። ሕፃናቱ ሲወለዱ ቆዳቸው ቀይ ነው፤ ያለጊዜው ይላጣል። ውሃ ከሰውነታቸው ያመልጣል፣ ጀርም በቀላሉ ይገባል፤ አንዳንዶቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሞታሉ። ፀጉራቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ቀርከሃ አንጓ አንጓ አለው። ይህን ያነበብኩ ማታ ስልኬን አስቀምጬ የራሴን እጅ ሳየው ቆየሁ።

አሁን ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ታጥቤ እወጣለሁ፤ ሳሙና ብብትና እግር ጣቶች አካባቢ ብቻ ነው። ከዚያ ቆዳዬ ገና እርጥብ እያለ ቫዝሊን። እማዬ ልጆች ሳለን ገና ውሃው ሳይደርቅ ይዛን ፊታችን እስኪያብረቀርቅ ትለቀልቀን ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲስቁብን አልቅሰናል። ስለ መቀሶቹ ስነግራት «እኔስ ምን አልኩሽ?» አለች። ምንም አላለችኝም ነበር፤ አመዳም ነው ያለችኝ። ድንጋዩን ግን መልሳ ወስዳዋለች።