የክት ናት ወይስ የዘወትር?

በአገራችን በጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣም አካባቢ፣ በየቤቱ ሁለት ዓይነት ልብስ መኖሩ የታወቀ ነው። አንደኛው የዘወትር ሁለተኛው የክት ይባላል። የዘወትሩ ለእርሻና ለገበያ፣ የክቱ ለንግሥ፣ ለሰርግና ለቅዳሴ ይለበሳል። እናቶቻችን የክቱን ነጠላ አጥበውና አጥነው በሣጥን ሲያስቀምጡት ማየት ለልጅነት ዓይናችን እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ሆኖም ዛሬ የምጽፈው ስለ አውቶሞቢል ነው። አንድ ሰው አብልጦ የሚወድዳትን መኪና በየቀኑ ሊነዳት ይገባዋልን? ወይስ እንደ ክት ልብስ ሸፍኖ ሊያኖራት?

ጥያቄው የባለጠጎች ጨዋታ ሆኖ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ በ2017 ዓ.ም. ክረምት በሞጣ፣ በባለቤቴ አጎት ቤት የደረሰው ነገር ነው።

እኒህ ሰው ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ የእህል ነጋዴ ናቸው። በ1978 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ገዝተው ያመጧት አንዲት ሰማያዊ ቮልስዋገን አለቻቸው። መኪናዋ በጎተራው ጎን፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በወፍራም ሸራ ተሸፍና ትኖር ነበር። ወንበሮቿን በአዲስ ቆዳ ካለበሷቸው ወዲህ በላያቸው ያለው ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ፣ ታጥባ ትወጣና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደርሳ ትመለሳለች። «ጋሼ፣ ለምን አዘውትረው አይነዷትም?» ብዬ በጠየቅኋቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ ለዘወትሩማ እግር አለኝ፤ እርሷ የክት ናት» ሲሉ መለሱልኝ። መልሱ ደስ ስላሰኘኝ ለተማሪዎቼ ሳይቀር ነግሬያቸው ነበር።

ታዲያ በሐምሌ ወር በአንዲት ሌሊት፣ ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ሲወርድ፣ ምራታቸውን ምጥ ያዛት። አጎታችን ሸራውን በገዛ እጃቸው ገፍፈው፣ ከመሪው ፊት ተቀምጠው ቁልፉን ሲያዞሩ «ጠቅ» ከሚል ድምፅ በቀር የተሰማ ነገር አልነበረም። ጎረቤት ተጠርቶ ስድስት ሰው በጭቃ ውስጥ ገፋት። ሞተሩ አንድ ጊዜ እንደ ማስነጠስ አለና ዝም አለ። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሾፌር ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ መጥቶ ሴቲቱን ሆስፒታል አደረሳት፤ በሰላምም ተገላገለች። ሽማግሌው ግን ጎሕ እስኪቀድ ድረስ ከመኪናዋ ውስጥ አልወጡም። ወሬውን ሰምቼ ከቢቸና በደረስሁ ጊዜ እንኳን ማርያም ማረቻት ለማለት ስጀምር አቋረጡኝና፣ «ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅኋት፤ እርሷ ግን አንዲት ሌሊት አልጠበቀችኝም» አሉ።

በማግሥቱ መካኒክ መጥቶ ሲመረምር እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር። ባትሪ ሥራ ባይሠራም በውስጡ ያለው ኃይል በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይጠፋል፤ ባዶውን ብዙ ከቆየም በእርሳሱ ላይ ጠንካራ ቅርፊት ይጋገርበትና ቢሞላም መልሶ አይዝም። ቤንዚንም እንደ ጠላ ነው፤ ሲቆይ ይበላሻል። በቀላሉ የሚነድደው ክፍል ይተንና የሚቀረው እንደ ሙጫ እየተጣበቀ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ በዚህም ምክንያት ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል፣ ዘይቱም በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ቶሎ ይፈላል። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው የዚህን ትርጉም ሳይነገረው ያውቀዋል። ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ ተጭኖ ሲቆም ቅርጹን ያጣል፣ ጎኑም ይሰነጣጠቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ መኪናዋ የቆመችው በጎተራ አጠገብ ነውና አይጦች በሞተሩ ሥር ጎጆ ሠርተው ሁለት የኤሌክትሪክ ገመዶችን ቆርጥመዋቸው ተገኙ። ሸራው ፀሐይንና አቧራን ከልክሎ ነበር፤ ለአይጦቹ ግን ጥሩ መጋረጃ ሆናቸው።

እንግዲህ በየቀኑ መንዳት ይሻላል ወደሚለው መደምደሚያ ፈጥነን እንዳንሄድ የሚያደርገን ሌላ ምሳሌ እዚሁ ቢቸና አለ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም መኪናውን ከአጎቱ ባላነሰ ይወድዳል፤ ፍቅሩን የሚገልጸው ግን በየቀኑ በመንዳት ነው። ከቤቱ እስከ ሱቁ ያለው መንገድ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ጧት ይሄዳል፣ ለምሳ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። መካኒኩ የዘይቱን ክዳን ሲከፍት በክዳኑ ውስጥ እርጎ የሚመስል ነጭ ነገር ተለጥፎ አገኘ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል እንፋሎት ይፈጠራል። ሞተሩ በደንብ ሳይግል ከጠፋ ይህ እንፋሎት ወደ ውሃ ተለውጦ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ያልተቃጠለውም ቤንዚን እየወረደ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ማርሚታውም ከውስጥ በውሃ ይዝጋል። ዘይቱ በሚገባ ሞቆ እርጥበቱን እንዲያተን ሃያ ደቂቃ ያህል ያለ ማቋረጥ መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በቀን አራት ጊዜ ለአምስት አምስት ደቂቃ የምትነዳ መኪና ደክማም አታውቅም፣ ሞቃም አታውቅም። በቢቸናም ሆነ በሞጣ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው የዘወትር መንዳት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። እንዲህ ላለው መንገድ እግር ይበቃል፤ ለሸክሙም ባጃጅ አለ። ምራቴም፣ ማለቴ የአጎታችን ምራት፣ በዚህ ነገር ምስክር ናት።

ይህን ሳሰላስል አባቶቻችን በፈረስ ረገድ የነበራቸው ልማድ ትዝ አለኝ። በዚያ ዘመን ለመኳንንቱ እንደ ዛሬው ፈጣን አውቶሞቢል የሚታየው የጦር ፈረስ ነበር። ጀግናው በፈረሱ ስም እስከ መጠራት ይደርሳል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የዚህ የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀም አባ ኮስትር እየተባሉ የሚጠሩት ከዚህ የተነሣ ነው። ዳሩ ግን መኳንንቱ ረጅም መንገድ ሲሄዱ የሚቀመጡት በበቅሎ ላይ ነበር። የጦር ፈረሱ ተጭኖና ተሸልሞ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ በአሽከር እየተሳበ በጎን ይሄዳል። ጌታው የሚፈናጠጠው ለጦርነት ወይም ለጉግስ ነው። ልብ ማለት የሚገባን ፈረሱ በጋጣ ታስሮ አለመቅረቱን ነው። ሳይጫንበት እንጂ ሳይሄድ አይውልም፤ ጡንቻው እንዳይላሽ፣ እግሩም እንዳያብጥ ይንቀሳቀሳል። አጎታችን ፈረሳቸውን ከሸክም አድነው ከጋጣ ውስጥ አሰሩት፤ ወንድማችን ደግሞ የጦር ፈረሱን ውሃ እንዲቀዳ ላከው።

በመንገዳችን ላይ ሌላም ነገር ይታሰባል። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በቆላ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አራተኛው ያህል ይቀርበታል። 100 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው በእኛ ደጋ ላይ 75 ያህል ቢሰጥ ነው። ለፍጥነት የተሠሩ መኪኖች ደግሞ ሆዳቸው ለመሬት የቀረበ ስለሆነ ኮረኮንቹና የተቦረቦረው አስፋልት ይጎዳቸዋል። እንዲህ ያለችውን መኪና በዚህ አገር በየቀኑ መንዳት ጉልበቷን ሳያዩ አካሏን መጨረስ ይሆናል። ቮልስዋገን በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነውና በዓባይ አቀበት ላይ የሚፈላ ውሃ የላትም። ንድፏን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። በቤተሰቡ ስም የተጠራችው የመጀመሪያዪቱ የሩጫ መኪናም፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ስትሠራ ብዙ አካሏ ከቮልስዋገን የተወሰደ ነበር። የዛሬዎቹ የፖርሽ ባለቤቶች በጀርመንና በአሜሪካ «እንንዳት ወይስ እንሸፍናት?» እያሉ ሲከራከሩ፣ የሞጣው አጎታችንም ቢሰሟቸው ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። በእኛም ታሪክ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ፣ ያማሩት የቤተ መንግሥቱ አውቶሞቢሎች ቆመው፣ ንጉሠ ነገሥቱን ይዛ የወጣችው አንዲት ተራ ቮልስዋገን ነበረች።

መሸፈኑን የሚደግፉ ሰዎች ክርክራቸው ከንቱ እንዳልሆነ መናገር ይገባኛል። የአሮጌዋ ቮልስዋገን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ተፈጽሟል፤ ዳግመኛ አትሠራም። በአገራችንም ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ዛሬ የተሰበረውን በሌላ መተካት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። በየቀኑ በጎዳና ላይ የምትውል መኪና ሳትፈልግም ከሌላ ጋር ትጋጫለች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ቤንዚንም የሚጠፋበት ጊዜ ስለበዛ ደግሞ፣ ሰው ሳይወድድ መኪናውን ያቆማል። በዚህ ጊዜ ቢያንስ የባትሪውን ገመድ መፍታት፣ ጎማውን በሚገባ መንፋት፣ ከእህልም ማራቅ ይገባል። ሞተሩን ቆሞ ለጥቂት ደቂቃ ማስነሣቱ ግን የወንድማችንን እርጎ ከማብዛት በቀር ብዙ አይጠቅምም።

እኔ ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረስሁበት አሳብ፣ ለተወደደች መኪና የሚበጀው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከግማሽ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከከተማ ወጥታ ብትመለስ ነው የሚል ነው። የዕለት መንገዱ ረጅምና ደኅና የሆነለት ሰው በየቀኑም ቢነዳት አልነቅፈውም።

ባትሪው ተለውጦ፣ ካርቡራተሩ ታጥቦ፣ ገመዶቹም ከተቀጠሉ በኋላ አጎታችን በየቅዳሜው፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ በባሕር ዳር መንገድ ነድተው ይመለሳሉ። መካኒኩ ያዘዛቸው ግማሽ ሰዓት ነበር፤ እርሳቸው ግን አንድ ሰዓት ያደርጉታል። ባለፈው ጥቅምት ከአጠገባቸው ተቀምጬ ስሄድ የወንበሩ ላስቲክ ተገፍፎ አየሁ። በሐምሌዋ ሌሊት የተወለደው ሕፃን በእናቱ ታቅፎ ከኋላ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙም ቆሎ እየቆረጠመ በአዲሱ ቆዳ ላይ ይበትናል። እኔ ልቆጣው ስል ሽማግሌው በመስተዋቱ አዩኝና፣ «ተወው፣ ይብላ» ብለው ማርሹን ቀየሩ።