ዘረ-መል፣ የአንጎል እንቅስቃሴና የታዳጊዎች የትኩረት ጉድለት

የትኩረት ጉድለት የሚባለው ሐሳብን በአንድ ተግባር ላይ ማቆየት መቸገር፣ መርሳት፣ ተራ ሳይጠብቁ መናገርና አርፎ መቀመጥ አለመቻል ከእኩዮች በላቀ መጠን ታይተው በትምህርትና በቤት ኑሮ ላይ ችግር ሲፈጥሩ ነው። ልጅ ወደ ጉርምስና ሲገባ መቅበጥበጡ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል፤ የሐሳቡ መበታተን ግን ብዙ ጊዜ ይቀጥላል፤ በዚያ ላይ ትምህርቱ እየከበደ የወላጅ ክትትል እየላላ ስለሚሄድ ጉዳቱ ጎልቶ ይወጣል።

ችግሩ ከዘር ጋር መያያዙን በይበልጥ ያስረዱት የመንትዮች ጥናቶች ናቸው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ከሌሎቹ መንትዮች ይልቅ በዚህ ባሕርይ ይመሳሰላሉ፤ ከዚህ በመነሣት የውርስ ድርሻው በአማካይ 74 በመቶ ገደማ እንደሆነ ተሰልቷል። ይህ አኃዝ በአንድ ሕዝብ ውስጥ በሰዎች መካከል የሚታየው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘረ-መል ልዩነት ጋር እንደሚያያዝ ይገልጻል እንጂ፣ የአንድ ልጅ ችግር ሦስት አራተኛው ከወላጆቹ መጣ ማለት አይደለም፤ በዚህ ስሕተት ምክንያት ራሳቸውን የሚወቅሱ ወላጆች ሊኖሩ አይገባም።

የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች ጥቂት ዘረ-መሎችን መርጠው ነበር የመረመሩት። ለሕክምናው የሚሰጠው ሜቲልፌኒዴት በነርቭ ሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያደርሰው ዶፓሚን ተመልሶ እንዳይመጠጥ ስለሚገታ፣ የዶፓሚን ተቀባይና አጓጓዥ ዘረ-መሎች ቀድመው ተፈተሹ፤ የተገኘው ዝምድና ግን ደካማ ነበር። መላውን የዘረ-መል ስብስብ የሚያስስ ስልት ከመጣ በኋላ በ2019 የታተመ ጥናት 20,183 ችግሩ ያለባቸውን ሰዎች ከሌላቸው ጋር አነጻጽሮ ከችግሩ ጋር የተያያዙ ልዩነቶች ያሉባቸውን 12 ቦታዎች በስብስቡ ውስጥ ለየ፤ በ2023 የሰዎቹ ቁጥር ወደ 38,691 ሲያድግ ቦታዎቹ 27 ደረሱ። እያንዳንዱ ልዩነት ብቻውን የሚጨምረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሺዎች ሲደመሩ ነው ተጽዕኗቸው የሚታየው።

በአንጎል በኩል ያለው ግኝትም እንዲሁ ረቂቅ ነው። በ2007 ተመራማሪው ፊሊፕ ሾውና ባልደረቦቹ የአንጎል ቅርፊት ውፍረት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርስበትን ዕድሜ ሲለኩ፣ ችግሩ ባለባቸው ልጆች ወደ 10 ዓመት ከመንፈቅ፣ በሌሎቹ ወደ 7 ዓመት ከመንፈቅ ሆኖ አገኙት፤ መዘግየቱ የጎላውም ትኩረትን በሚመራው፣ ከግንባር ጀርባ ባለው ክፍል ነበር። ይህ ግኝት ችግሩን ከቋሚ ጉዳት ይልቅ እንደ ዕድገት መዘግየት ለማየት በር ከፍቷል።

ዘረ-መልንና የአንጎል እንቅስቃሴን በአንድ ላይ ከለኩት ጥናቶች መካከል በአውሮፓ ከተሞች የተካሄደው ኢማጀን የተባለው ምርምር ልዩ ትኩረት ይገባዋል። በ2012 በታተመው ውጤት 1,896 የ14 ዓመት ታዳጊዎች አንጎላቸው በኤምአርአይ እየታየ፣ ምልክት ሲያዩ ቁልፍ እንዲጫኑ፣ የማቆሚያ ምልክት ከተከተለ ግን እጃቸውን እንዲገቱ ተደረገ። ከትኩረት ጉድለት ምልክቶች ጋር የተያያዘው የአንጎል ትስስር ዕፅ ከመጠቀም ጋር ከተያያዘው የተለየ ሆኖ ተገኘ። እንደ ዶፓሚን መልእክት የሚያደርሰው የኖርአድሬናሊን አጓጓዥ ዘረ-መል ልዩነት ደግሞ የተያያዘው እጅን የመግታት ፍጥነትን ከሚያመለክተው፣ በቀኝ በኩል ካለው የፊተኛው አንጎል ታችኛ ክፍል እንቅስቃሴ ጋር ነው። ችኩልነት ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ባሕርይ፣ ለተመልካች አንድ ቢመስልም፣ በውስጡ ከአንድ በላይ መንገድ እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ስለዚህ ከዘረ-መል ተነሥቶ በአንጎል በኩል ወደ ምልክት የሚወስድ አንድ ቀጥተኛ መስመር መፈለግ ብዙ ርቀት አያስኬድም።

የዘረ-መል ውጤቶችን ደምሮ የአንድን ታዳጊ ዕጣ መተንበይ ዛሬ አይቻልም፤ መረጃው በአመዛኙ ከአውሮፓውያን ዘር ስለተሰበሰበ ለኢትዮጵያውያንና ለሌሎች አፍሪካውያን ያለው ትክክለኛነት ከዚያም ያነሰ ነው። ምርመራው አሁንም የሚካሄደው ታዳጊውን፣ ወላጆቹንና መምህራኑን በማነጋገር፣ ምልክቶቹም መቼ እንደጀመሩና በየትኞቹ ሁኔታዎች እንደሚታዩ በጥንቃቄ በማጣራት ነው።