የጥር ሠርግና የካሜራ አቧራ

ጥምቀት ሲያልፍ የሠርግ ገበያ ይደራል። የሙሽራ መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ በጎተራ ማሳለጫ ላይ ሲሽከረከሩ፣ ክረምቱ ከወጣ ወዲህ በቂ ዝናብ ያላየው የመንገድ ዳር አፈርም አብሯቸው ይነሣል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ሳሪስ የሚወርደውና ከወሎ ሠፈር የሚመጣው የኢትዮ ቻይና መንገድ የሚገናኙት እዚሁ ነው። ጎተራ በስሙ የእህል ማከማቻ ቢሆንም በበጋ ወራት የሚያከማቸው ሌላ ነገር ነው።

አቧራው ለመኪና አጣቢው ገበያ፣ ለፎቶ አንሺው ግን ወጪ ነው። ሚዜዎቹን በአንድ ላይ ለማንሣት ሰፊ ሌንስ፣ የሙሽራዋን ፊት ብቻ ለመለየት ደግሞ ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ካሜራ የሌለው ባለሙያ መንገድ ዳር ቆሞ ሌንስ ይቀይራል። በዚያች አጭር ጊዜ የካሜራው አፍ ክፍት ነው።

ጉዳቱ በዕለቱ አይታወቅም። ፎቶዎቹ ማታ ኮምፒዩተር ላይ ሲዘረጉ ከሙሽራዋ ራስ በላይ ባለው ሰማይ ላይ አንዲት ግራጫ ነጥብ ትታያለች። በሚቀጥለው ፎቶ ላይም እዚያው ቦታ አለች። ሌንሱ ቢጠረግም አትለቅም። ምክንያቱም አቧራው ያረፈው በስተኋላ፣ ብርሃኑን ወደ ምስል በሚለውጠው ሴንሰር ፊት ነው።

በፊልም ዘመን ይህ ጣጣ እምብዛም አልነበረም። ባለ 36 ፎቶ ፊልም በእያንዳንዱ ጠቅታ አዲስ ገጽ ያቀርብ ስለነበር አንድ ብናኝ ቢገባ የሚያበላሸው አንድ ወይም ሁለት ፎቶ ነበር። ዲጂታል ካሜራ ግን ያለው ገጽ አንድ ብቻ ነው፤ 36 ሚሊ ሜትር በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ወይም ከዚያ ያነሰ። እዚያ ላይ የተቀመጠ ብናኝ እስኪጸዳ ድረስ በፎቶው ሁሉ ላይ ይፈርማል።

ለመሆኑ በአንዱ ፎቶ ጎልታ የምትታየው ነጥብ በሌላው ለምን ትጠፋለች? መልሱ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ላይ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ቀዳዳው እስከ ኤፍ 2.8 ሲከፈት ብርሃኑ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጣ የብናኙ ጥላ ይሟሟል። በቀትር ፀሐይ ቀዳዳው ወደ ኤፍ 16 ሲጠብ ግን ብርሃኑ በቀጭኑ ይገባል፤ ጥላውም ጠርዝ ያበጃል። በአዳራሽ ንጹሕ የነበረው ካሜራ ደጅ ሲወጣ የሚያሳፍረው ለዚህ ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ፎቶ አንሺ ለአልበምና ለዲጂታል ርክክብ 600 ፎቶ መረጠ እንበል። ነጥቧን ከእያንዳንዱ ፎቶ ለማጥፋት አንድ ደቂቃ ቢወስድ ድምሩ 10 ሰዓት፣ ማለትም ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን በላይ ነው። በእርግጥ ሶፍትዌሩ አንዱን እርማት ለሁሉም ፎቶ እንዲገለብጥ ማዘዝ ይቻላል። ነገር ግን ለሰማይ የተሰጠው እርማት በቬሎው ጥልፍ ላይ ሲያርፍ ጥልፉን ያበላሻል። በጥር ወር ደግሞ የሚቀጥለው ሠርግ ከሳምንት በኋላ አይደለም፤ ነገ ሊሆን ይችላል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሊሠራ የሚችለው ሥራ በቀናት የተቆጠረ ነው።

ቪዲዮ ላይ ነገሩ ይከፋል። በሰከንድ 25 ምስል የሚቀርጽ ካሜራ በሁለት ሰዓት ውስጥ 180,000 ምስል ይይዛል። በዚያ ላይ የቪዲዮ ባለሙያ ፀሐይ ሲበረታበት የሚቀናው ቀዳዳውን ማጥበብ ነው፤ እሱም በትክክል አቧራውን የሚያጎላው እርምጃ ነው።

ካሜራውን በአዲስ መተካትስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዕለቱ 74 ብር ገባ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር በላይ ሆነ። ካሜራ ደግሞ ከነሌንሱ የውጭ ዕቃ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የተገዛ ካሜራ ዛሬ በባለቤቱ እጅ ያለ የውጭ ምንዛሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥያቄው ይህን ንብረት እንዴት ማጽዳት ይቻላል የሚል ብቻ አይደለም፤ ማን ይነካዋል የሚልም ነው።

አሠራሩ ከቀላል ወደ ከባድ መሄድ አለበት። መጀመሪያ አቧራው መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። ካሜራው ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 ላይ ይደረግና ፎከሱን አጥፍቶ ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ይነሣል። ሌንስ ምስልን ስለሚገለብጥ በፎቶው ላይ ከላይ በግራ የታየ ነጥብ፣ ካሜራው ከፊት ሲታይ፣ ሴንሰሩ ላይ ከታች በግራ ይገኛል። ይህን ባለማወቅ ንጹሑን ጥግ መፈተግ ቀላል ነው።

ቀጥሎ የካሜራው የራሱ ማራገፊያ ይሞከራል። ኦሊምፐስ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ኢ-1 ካሜራ ከሴንሰሩ ፊት ያለውን መስታወት በከፍተኛ ፍጥነት በማንቀጥቀጥ አቧራ ማራገፍን ጀመረ። ካኖንም በ2006 በኢኦኤስ 400ዲ ተከተለው። ደረቅ ብናኝ በዚህ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ያልወረደው ካሜራው አፉን ወደ መሬት ዘቅዝቆ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ይነፋል። በአፍ መንፋት ምራቅ ይጨምራል፤ በቆርቆሮ የታመቀ አየርም ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሊተፋ ስለሚችል አይመከርም።

እዚህ ድረስ ያለውን ማንኛውም ጠንቃቃ ባለቤት ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ የሚፈጀውም ደቂቃዎች ብቻ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መስታወት ባለው ካሜራ ውስጥ ሴንሰሩን ለማግኘት መስታወቱ ተነሥቶ ሹተሩ ክፍት መቆየት ስላለበት ባትሪው ሙሉ መሆን አለበት። ባትሪው መሐል ላይ ካለቀ ሹተሩ በሥራ ላይ ባለ መሣሪያ ላይ ሊዘጋ ይችላል። ሹተር መቀየር ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

እርጥብ ወይም ቅባት ያለው ቆሻሻ ግን በነፋስ አይለቅም። ለዚህ የሚያገለግለው በሴንሰሩ ስፋት ልክ የተሠራ፣ በንጽሕና የታሸገ መጥረጊያ ነው። አንድ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ይደረግበትና ከዳር እስከ ዳር አንዴ ይጎተታል፤ ተገልብጦ በሌላው ፊቱ አንዴ ይመለሳል፤ ከዚያ ይጣላል። ቁጠባ እዚህ ላይ ጠላት ነው። ያገለገለ መጥረጊያ የያዘውን አሸዋ ይዞ ይመለሳልና።

የገበያው ጠባብ በር ያለው ፈሳሹ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ የታወቀው ፈሳሽ ዱካ ሳይተው የሚተን ንጹሕ ሜታኖል ነው። ሜታኖል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በአውሮፕላን ተሳፋሪ ሻንጣ መያዝ አይፈቀድም። መጥረጊያውን ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ሊያመጣው ይችላል፤ ፈሳሹን ግን አይችልም። ይህ ክፍተት የመድኃኒት ቤት አልኮልን እንዲመኙ ያደርጋል። 70 በመቶ የሆነው አልኮል ቀሪው በአብዛኛው ውኃ በመሆኑ ሲደርቅ ዝንጉርጉር ዱካ ይተዋል፤ የእጅ ማጽጃማ ግሊሰሪን ጭምር ስላለው ከአቧራው የባሰ ነው።

የሚነካው ሴንሰሩ ራሱ ሳይሆን ከፊቱ ያለው የመስታወት ፊልተር መሆኑ ብዙዎችን ያጽናናል። ሆኖም ፊልተሩ ከተጫረ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀየረው የሴንሰሩ ክፍል በሙሉ ነው። ካሜራው 150,000 ብር ያወጣል፣ ያልሠለጠነ እጅ ደግሞ ከ100 ካሜራ አንዱን ከጥቅም ውጪ ያደርጋል ብለን ብናስብ፣ እያንዳንዱ ጽዳት 1,500 ብር የሚያህል ስውር ዋጋ ተሸክሟል ማለት ነው። ጽጂው የሚያስከፍለው የደቂቃዎቹን ድካም ብቻ ከሆነ ይህን ስውር ዋጋ የሚከፍለው ሳያውቀው ባለቤቱ ነው። ርካሽ ጽዳት ሲገኝ መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የጎተራ አፈር ወይም የባለቤቱ አይደለም። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ያቀረበው ዲ600 ካሜራ ፎቶ ላይ በርካታ ነጥቦች እየታዩ ገዢዎች ሲያማርሩ ቆዩ። ዲ610 የተባለው ተተኪ በ2013 ወጣ። ኩባንያው በየካቲት 2014 ዲ600ን በነፃ ለመፈተሽ፣ ለማጽዳትና የሹተር ክፍሉን ለመቀየር ቃል ገባ። በመጋቢት ወር ጉዳዩ በቻይና መንግሥት ቴሌቪዥን የሸማቾች ቀን ፕሮግራም ከቀረበ በኋላ ባለሥልጣናት ካሜራው ከሽያጭ እንዲታገድ አደረጉ። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት በኤፍ 16 አንድ ነጭ ግድግዳ ቢያነሣ አይከፋም።

ለጎተራ ፎቶ አንሺ የሚያዋጣው አቧራው እንዳይገባ መከላከል ነው፤ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ፣ የካሜራውን አፍ ወደ ታች አድርጎ፣ የሚገባውን ሌንስ አስቀድሞ አዘጋጅቶ መቀየር። ከካሜራዎች መካከል እንደ ካኖን ኢኦኤስ አር ያሉት ሲጠፉ ሹተራቸውን በሴንሰሩ ፊት ይዘጋሉ፤ እነዚህን አጥፍቶ መቀየር ይጠቅማል። ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ሌንሱ ላይ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር ቢያስር ቀዳዳውን ሳያጠብ በቀትር ይሠራል። ካሜራውን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ደግሞ ከማስረከቡ በፊት በኤፍ 16 የተነሣ አንድ ፎቶ፣ ሲረከብም ሌላ አንድ ፎቶ ቢያነሣና ደረሰኙ ላይ የካሜራው ተከታታይ ቁጥር እንዲጻፍ ቢጠይቅ፣ ጭረት ቢገኝ የማን እንደሆነ ለመነጋገር መነሻ ይኖረዋል።